የእማዬን ቢላዋ ያልጠየቅሁበት ጥናት

ለምትናፍቂኝ እኅቴ ለእትዬ ገነት፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ከሁሉ በፊት የእማዬን ንገሪኝ። ትንፋሿ ተሻላት? አሁንም ተደግፋ ነው የምትተኛው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የገደለኝ። ለገና ልመጣ ሻንጣዬን ይዤ ወጥቼ፣ ተፍኪ ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተብሎ ሚኒባሱ መለሰን። ሰበታም በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በተነሳው ተቃውሞ ሰላም የላትም። ተኩስ ይሰማል፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አከራዬ ኦቦ ቶሌራ ከግቢ ንቅንቅ እንዳትይ ብለውኛል፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ።

አምና እናንተ ጋ መጥቼ ቤት ለቤት የዞርኩበት የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጥናት እስከ ሰኔ በጆርናል ካልወጣ ኮንትራቴ አይታደስም። አለቃዬ ዶክተር እውነቱ አንድ ጆርናል ጠቆሙኝ። ማንም በነፃ ያነበዋል፣ ጽሑፎቹ በሌሎች ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥሩም ያስጎመጃል። ላክሁት፤ በማግስቱ ድንቅ ሥራ ነው፣ ተቀብለናል አሉኝ። እልል ልል ነበር እኮ! ግን ማን አንብቦት ነው ብዬ ገብቼ ሳይ፣ ስለ ድልድይም ስለ ዓይን ሕመምም ስለ ፍየልም አንድ ላይ ያወጣሉ። አዘጋጅ የተባሉት ሰዎች አድራሻ የላቸውም። ተሳስተን ነበር ብለው ያረሙት አንድም ጽሑፍ የለም፤ የማይሳሳት ሰው ደግሞ የት አለ?

ይቅርብኝ ብዬ አነሳሁትና ለሌላ ላክሁ። እሱም በነፃ ይነበባል፤ ቁጥሩ ግን ኢምንት ነው። ገምጋሚዎቹ ያሉትን ሁሉ ከጽሑፉ ጋር ያወጣሉ። አንዷ ገምጋሚ፣ እንሰቱን የሚቆርጡትና የሚፍቁት ሴቶቹ ሆነው ሳለ አባወራዎቹን ብቻ ለምን ጠየቅሽ አለችኝ። ጉድ በይ እትዬ! እኔ የእንሰት ልጅ! እንግዳ ሲመጣ አባወራው ይመልሳል፣ እናቶች ጓዳ ይገባሉ፤ ያደግንበት ስለሆነ ልብም አላልኩት። በሽታው ደግሞ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሄደው በቢላዋ ነው። እንዳለ ቢወጣ ኖሮ የግብርና ባለሙያዎቹ አንብበውት፣ ቢላዋ ያልያዘውን ሰው ሊያስተምሩበት ነበር።

ዶክተር እውነቱ ከመጀመሪያው ጆርናል ማንሳቴን ሲሰሙ፣ ሰኔ ሲደርስ እንዳታለቅሺብኝ ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው፣ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ፤ እፈራለሁም። ለትንሹ ጆርናል ግን መንገድ ተዘግቶብኝ ሴቶቹን መጠየቅ አልቻልኩም ብዬ ጻፍኩ። መንገድሽ እስኪከፈት እንጠብቅሻለን አሉኝ። አነበብኩትና አለቀስኩ።

ለጋሼ ዳና ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አቤኒንና ኤልሳቤትን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ጎረቤታችሁን ተስፋነሽንም ናፍቃሻለች በያት። እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ንገሪልኝ፦ መንገዱ እንደተከፈተ ከሴቶቹ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው እሷን ነው። እባክሽ ጠብቂኝ ብላለች በያት።

ታናሽሽ ትህትና
ሰበታ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.