በዋሻው አይደለም፣ በላይ ነው

ሐምሌ 1 ቀን 1988፣ ሰኞ ጧት 3 ሰ.

ዛሬም ጉልበቴን በቅባት አሸሁ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ በረንዳ ላይ ቆሜ የሰፈራችንን፣ የፍራንክፈርቱን የኖርድቬስትሽታት ፎቅ ሁሉ ተመለከትኩ። ወሬው ግን ሌላ ነው፣ ደብተሬ። ተራራ ልንሻገር ነው! አማቼ ተስፋዬ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ከሚሠራበት ወጥ ቤት ኡርላውብ፣ የዓመት ፈቃዱን፣ አገኘ። ለ13፣ ቅዳሜ፣ እሱ፣ ልጄ ሰናይትና እኔ በመኪና አልፕስን አቋርጠን ጣልያን እንወርዳለን። ሃያ ዓመት ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወጣሁ ሰው፣ እዚህ አምስት ዓመት በኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ተመላለስኩ። ሜዳ አንገፈገፈኝ።

የምለውን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ኢድሪስ ነው። አስመራ የተወለደ፣ ጡረተኛ፣ ጽሑፉ ያማረ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ታውቃለች፤ ለባሏ ትንፍሽ እንዳትል አስምያታለሁ።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ተስፋዬ ካርታ ይዞ መጣ። ሰናይት መኪና ውስጥ ካነበበች ያስመልሳታል፤ ስለዚህ፣ “አባባ፣ የመንገድ ሰው እርስዎ ነዎት፤ ከፊት ይቀመጡና ይምሩኝ” አለኝ። ምን ልበል? አምጣ አልኩት። ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ደግሞ ሌላ ጣጣ። ጎትሃርድ ከሚባለው ተራራ ሥር ዋሻ አለ አሉ። በዋሻው እናልፋለን ይላል። እንደ ፍልፈል! አናቱ ላይ መንገድ እያለ! አሁንማ ከፊት መቀመጥ አለብኝ። ከኋላ የተጫነ ሰው መንገድ አይመርጥም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ከኢድሪስ ጋር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ጣቱን እያስኬደ ይጠራል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ባዝል። ሉሰርን። ሐይቁ። አንደርማት። ከዚያ ቀጭን መስመር፣ ልክ እንደተዘረገፈ የበግ አንጀት። ልቤ ዘለለች። ሊማሊሞ ነው!

ኢድሪስ፣ ሊማሊሞ የፍየል መንገድ ነው፣ ቁልቁለት ማለት ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነው ይላል። አትጻፈው አልኩት። ጻፈው።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ታች ግቢ የተጣለ የአልጋ እግር አገኘሁ። ጠርቤ ታኮ ሠራሁ። ዳገት ላይ ቆሞ ከጎማው ሥር ታኮ የማያደርግ፣ ሹፌር አይደለም። ተስፋዬ ሳቀ። አባባ፣ የእጅ ፍሬን አለ እኮ!

ፍሬን እምቢ ያለው መኪና ጓደኛዬን ከነረዳቱ ገደል ይዞት ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። አልነገርኩትም። ይሳቅ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ትናንት ማታ ተዋረድኩ። እራት ላይ ተስፋዬ፣ እስቲ መንገዱን ያሳዩኝ አለ። በኩራት ተቀበልኩ፤ እንደማውቀው አድርጌ ዘረጋሁና ጣቴን አስኬድኩ። አፍጥጦ አየኝ። “አባባ፣ ገልብጠውት እኮ ነው።”

ለካ ከኢድሪስ ፊት ለፊት ተቀምጬ የተማርኩት ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው! ሁለት ሽማግሌ፣ አንዳችን ልብ አላልን።

ሰናይት ሳህኑን አስቀመጠች። አላነብም፣ አልኩ። ይኸው፣ እወቀው። አሁን ካርታውን አንተ ያዝና ስማ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከፍራንክፈርት እስከ አንደርማት፣ ከዚያ በአንጀቱ ላይ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ አይሮሎ፣ መገንጠያ በመገንጠያ ዘረገፍኩለት። እሱ በጣቱ ይከተላል። አንድም አልሳትኩ።

ካርታውን አጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ከፊት ነው የሚቀመጡት፣ አለ። ዋሻውስ? አልኩ። እሱን እዚያ ስንደርስ፣ አለ። ሰናይት ዓይኗን በፎጣ ጠረገች። ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት የለም።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ ጧት 12 ሰ.

ባርኔጣዬን አድርጌያለሁ። ታኮው ከጫማዬ ጎን። ኢድሪስ በፒጃማ መጥቶ እያዛጋ ይጽፋል።

ቆርጫለሁ፣ ደብተሬ። የዋሻውና የላዩ መንገድ መገንጠያ ጋ ስንደርስ አልለምን፣ አልሟገት። ጣቴን ወደ ላይ እቀስራለሁ፣ በቃ። ካርታውንም ገልብጬ ነው የምይዘው፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ተስፋዬ ቢያፍር ይፈር።

ኢድሪስ፣ ምጽዋህን ስመለስ እንነጋገርበታለን።

ጥሩምባ! ተስፋዬ ነው። ቆይ፣ ይችን ብቻ ጻፍ፦ ሊማሊሞን የወጣ ሰው በዋሻ አያ…