ሰባተኛው ደረጃ

ወዳጄ፣ እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ያደከመኝ ያረፍኩበት ቤት ደረጃ ብቻ ነው። «እማማ፣ ቤቱን ለምን እንዲህ ሰቀሉት?» ብላቸው አከራዬ ሳቁብኝ። «ቤቱማ ጠንካራው አፈር ድረስ በተተከለ ግንድ ላይ ቆሞ የትም አልሄደም ልጄ፤ የወረደው መሬቱ ነው!» ረግረጉን ለእርሻ ብለው በቦይ ሲያጠነፍፉት፣ ውሃው ለሺህ ዓመታት አቅፎ ያቆየው የሣር ብስባሽ ደርቆ፣ እሳት እንደሌለው ጭስ አየር ላይ ወጣ፤ ዓለሙን ከሚያሞቁት አንዱ እሱ ነው አሉኝ። አናጺው ባላቸው መሬቱ በወረደ ቁጥር እየጨመሩ ደረጃውን ሰባት አድርሰውታል። ዛሬ ጠዋት ግን ውሃው ወደ ረግረጉ እንዲመለስ ቦዩን ሲደፍኑ አገኘኋቸው። እንዴት እንዳፈርኩ! ጓሯችሁ ያለውን ረግረግ «ቦይ ቅደዱና አድርቁት» ብዬ አባትህን ጋሼን የገፋፋሁት እኔው ነኛ! እትዬን ሳምልኝ። የጋሼን አካፋ ደብቅ፤ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ አይችሉም።