በርሜሉ፣ ወባውና የጽጌ ጠጠሮች

ረቡዕ፣ ኅዳር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

በርሜሉ ተከፈተ። ከሥራ ስገባ ጽጌ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆናለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «እስቲ ይህን ያዘው» ብላ አንድ እርጥብ ጠጠር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወንድሟ በጭነት መኪናው ከአዋሽ ወዲያ ሲያመጣላት እጅ የሚቧጭር ሻካራ ነገር ነበር። አሁን ጠርዝ የሚባል የለውም፤ እንደ ባቄላ ድብልብል ብሏል። ገና አያበራም። ግን ውሃ ሲነካው ከውስጡ ቀይና ማር የመሰለ ቀለም ብቅ ይላል። አገላብጬ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። ልመልስላት አልፈለግሁም።

ይህን ያደረገው ሚስቴ ከውራጅ ሞተር የገጣጠመችው በርሜል ነው። ድንጋዩ ከብረቱ ጋር እንዳይላተም ውስጡን የመኪና ጎማ ካላማዳሪ አልብሳዋለች። ድንጋይ፣ ውሃና ጋራዦች ቫልቭ የሚስሉበት ጥቁር ሻካራ ዱቄት ይገባበታል፣ ይዘጋል፣ ሌት ተቀን ይንከባለላል። ሌላ ተአምር የለውም። ተአምሩ ጽጌ ናት። አሥራ ምናምን ዓመት የፈትል ማሽን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ማሽን ሲያመው በድምፁ ታውቃለች፤ እኔ ሲያመኝ እንኳ እንደዚያ አታውቅም።

ነገሩ ግን ጨዋታ አይደለም። ሐኪሙ የጥጥ ብናኝ ሳንባሽን ጎድቶታል፣ ከፈትል ክፍል ውጪ ብሏታል። ፋብሪካው ሌላ ቦታ የለኝም አለ። አሁን የሕመም ፈቃድ ላይ ናት፤ ይህ ወር የመጨረሻዋ ነው። መርካቶ አጠገብ ያለ አንድ የእደ ጥበብ ማኅበር ደግሞ የጌጥ ድንጋይ የሚያወለውል ሰው ይፈልጋል። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የሚያበራ ጠጠር ይዘሽ ኮሚቴው ፊት ቅረቢ ብለዋታል። ካለፈች አባል ትሆናለች። ካላለፈች ቤት መቀመጥ ነው። ጽጌ ደግሞ ቤት የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ እኔን ነው የምትጨርሰኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ዛሬ እቅድ ወጣ። የመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ሞነጫጨረችው። አሥር ዓመት የመንግሥት እቅድ ሲነበብልኝ እንዲህ የገባኝ የለም።

በአጭሩ፦ በርሜሉ ቅርጽ ያወጣል፣ ወባው ያበራል።

ወባው ያልኩት ሁለተኛውን ማሽን ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጎድጓዳ ገንዳ ነው፣ ሞላ ላይ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ያለው ሞተር አንድ ጎን ብቻ የሚከብድ ብረት ያዞራል። ሲነሳ ገንዳው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ድንጋዮቹ አይንከባለሉም፣ ቆመው እርስ በርስ ይተሻሻሉ እንጂ።

እኔ ታዲያ አፌ አያርፍም፤ ሁሉንም መጀመሪያውኑ ወባው ውስጥ ብትጨምሪው ኖሮ አይፈጥንም ነበር ወይ አልኳት። ወባው ሾጣጣውን ድንጋይ እንደ ሾጠጠ ነው የሚያወለውለው፣ ማድቦልቦል አይችልም አለችኝ። በርሜሉ ብቻውን ይጨርሰው ብንል ደግሞ ሌላ ወር ይፈጃል፤ ቅዳሜ አይጠብቀንም። ስለዚህ ሁለቱም። ዛሬ መካከለኛው ዱቄት፣ ከዚያ ደቃቁ፣ ከዚያ መነጽር ሠሪዎች መስተዋት የሚያበሩበት ነጩ ዱቄት። በየመሐሉ እጥበት። በርሜሉም ሥራ አይፈታም፤ ለሚቀጥለው ዙር አዲስ ድንጋይ ተጭኖበት ይዞራል።

የተሰነጠቁትን አንድ በአንድ እየለየች አወጣች። አንዱ በጣም ያምራል፣ እሱንስ ተዪው ብዬ ለመንኳት። እምቢ። ስንጥቁ ውስጥ ሻካራ ዱቄት ይደበቃል፣ ኋላ ነጩ ላይ ይተፋዋል አለች። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ነጩ ውስጥ ከገባች ሁሉንም ትቧጭራቸዋለች። ያን የሚያምር ድንጋይ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ከቀበሌ ሱቅ የደረሰን ሳሙና አለቀ። ማን ጨረሰው? ድንጋይ! በቢላዋ እየላገች ወባው ውስጥ ጨምራ አጠበቻቸው። የኔ የሥራ ሸሚዝ በውሃ ብቻ ታሽቶ ተሰጣ። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪያችን አንገትጌዬን አይቶ፣ ግርማ ሚስት የለህም እንዴ አለኝ። አለችኝ፣ ድንጋይ ታጥባለች አልኩት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ።

ጫማ ሰፊው ኃይሌ የቆዳ ቁርጥራጭ በከረጢት ሰጣት። ነጩ ዱቄት ሲጨመር አብሮ ይገባል፣ ድንጋዮቹ እንዳይጋጩ። ነጩ ዱቄት ግን ጥቂት ነው። በልመና የተገኘ ነው፣ ሌላ አይገኝም።

ወደ ደቃቁ አልፈናል። ጠጠሮቹ አሁን ሲዳሰሱ ሐር ናቸው። ጽጌ ስታያቸው ፊቷ ላይ የሚመጣውን ነገር ከተጋባን ወዲህ ብዙ ጊዜ አላየሁትም። ደስ ይላል። ቅናት ቢጤም አለው።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ኮልፌ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፣ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም፤ ጽጌ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ዋለች። ቀበሌውም በዚሁ አሳቦ ከየቤቱ ሰው ለጽዳት ጠራ። እኔ አካፋ ይዤ ቦይ ስጠርግ ዋልሁ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ጠጠሮቹን ወደ ባልዲ ገልብጣ፣ የወባውን ገንዳ ፈትታ አለቅልቃ፣ ይድረቅ ብላ ቧንቧው ሥር ፀሐይ ላይ አስደግፋው ነበር።

ቁልፉን እንደ ወትሮው ለእማማ ዘነበች ሰጠን። ጎረቤታችን ናቸው፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ጽጌ ስታስል ከኔ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ሙቅ ነገር ይዘው ይመጣሉ።

ስንመለስ ገንዳው ደጃችን ላይ ተቀምጧል፣ ጥርት ብሎ። እማማ ዘነበች አጥበውልናል። «ኅዳር ሲታጠን ቤታችሁ ዕቃ ቆሽሾ ይዋል?» አሉ። አመሰገንኳቸው፣ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ጽጌ አንዴ ውሃ አሳለፈችበትና ነጩን ዱቄት፣ ቆዳውንና ጠጠሮቹን ጫነች። ወባው ተነሳ። እፎይ። ሰኞ ማታ ያበራሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

አያበሩም። ጭጋግ ለብሰዋል። ጽጌ ገና ነው ትላለች። ድምፅዋ ግን ገና ነው አይልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

በንዴት ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አንዱን አጥባ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ከዳር እዳር ተቧጭሯል። ሌላ አወጣች፣ እሱም ያው። ሁሉም! ገንዳውን አራግፋ በጣቷ ከከንፈሩ ሥር፣ የውስጥ ልባሱ ላስቲክ የሚታጠፍበትን ዳሰሰችና እጇን ዘረጋችልኝ። አሸዋ። አመድ የተቀላቀለበት ደቃቅ አሸዋ።

ለካ እማማ ዘነበች ገንዳውን የፈተጉት እንደ ድስት ነው! በአመድና በአሸዋ። ያው ኅዳር ነው፣ አመድ በየደጁ ሞልቷል፤ እንዲያ የጠራውም ለዚህ ነው። እንደ ጠላ ጋን አሳምረው ፈትገው፣ አሳምረው ገደሉን። ነጩ ዱቄት ከእፍኝ በታች ቀርቷል፣ ቅዳሜ ደግሞ ደረሰ።

ልሄድና ልነግራቸው ተነሳሁ። ስድብ አልነበረም ያሰብሁት፣ እግዜር ያውቃል፤ ግን እኔ መናገር ስጀምር የት እንደማቆም አላውቅም። ጽጌ በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«አንድ ቃል ብትነግራቸው አልምርህም» አለች። «ወገባቸውን እያመማቸው ጎንበስ ብለው ያጠቡልኝ እኔን ብለው ነው። ይህን ካወቁ ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አይረግጡም።»

«ሥራውስ?»

«ሥራው የኔ ነው።»

ወጥቼ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልሁ። ምን ዓይነት ሰው ናት? ሳንባዋ የተጎዳ፣ ሥራዋ ያለቀ፣ የመጨረሻ ተስፋዋ በአመድ የተፈተገ ሴት ስለ ሰው ቅስም ታስባለች። እኔ ብሆን ሰፈሩን ሁሉ አስነሳ ነበር። ማታ ስመለስ ሁሉንም በውሃ ደጋግማ አጥባ፣ ላስቲኩን ፈታ ጠርጋ፣ ከደቃቁ ዱቄት እንደ አዲስ ጀምራለች። በሩ ጀርባ ያለውን እቅድ አጥፍታ ሌላ ጽፋለች። ሐሙስ ነጩ ይገባል፣ ዓርብ ሌሊቱን ያበራል፣ ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል። ትርፍ ጊዜ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ቧጨራው ከብዙዎቹ ላይ ለቋል። ጠዋት ነጩን ዱቄት፣ ያለውን ሙጣጭ ሁሉ፣ ጨመረች። እኩለ ቀን ላይ አንዱን አይታ ዓይን መክፈት ጀምሯል አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀምሮ ወዲህ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ወባው ዝም አለ፣ በርሜሉም ዝም አለ። ይመጣል ስንል መሸ። በሻማ ነው የምጽፈው። ጽጌ ጭቃው እንዳይደርቅባቸው በየጊዜው ውሃ ጠብ ታደርግበታለች። ወደ ሰማይ አንጋጥጬ ምን አደረግንህ ልል ነበር፤ ጾሙ ትናንት ገብቷል፣ ተውሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

መብራት የለም።

ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበረ ጠዋቱን አየሁት። ጽጌ ተነሳች፣ ተጣጠበች፣ ሰሌን አንጥፋ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ከገንዳው ጭቃውን ከነዱቄቱ ቀድታ ቆዳ ላይ ቀባች፣ አንድ ጠጠር አነሳች፣ ማሸት ጀመረች። በእጅ! ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። ግማሽ መንገድ ደርሰዋል፣ የቀረውን ክንዴ ይጨርሰዋል አለች። ኮሚቴው ያለው ሙሉ ሳህን ነው እኮ ብላት፣ የሚያበራ ጠጠር ነው ያለው፣ የሚያበራውን እወስዳለሁ አለችኝ።

እማማ ዘነበች ወጡ። አንዱን የተቧጨረ ጠጠር አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና፣ «ምነው ልጄ፣ ይኼን የመሰለ ጠጠር ምን ቧጨረው?» አሉ።

ምላሴን ነከስሁ። በእውነት ነከስሁት፣ እስካሁን ያመኛል።

ጽጌ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ድንጋይ አይደል እማማ፣ አመሉ ነው። ይልቅ እጅዎ ጥሩ ነው፣ ይቺን ቆዳ ይያዙልኝ» አለቻቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ማን ያቁማቸው! ሲያሹ ትከሻቸው ይወዛወዛል። ወዲያው የግቢው ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አንዷ ልጇን አዝላ ታሻለች። ወግ ደራ። እኔም ተቀመጥሁ፣ አንዱን አሸሁ፣ ጣቴ ተላጠ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ድንጋዩ ውስጥ የጣሪያችንን ቆርቆሮ አየሁት። ቆርቆሮውን ከነሚስማሩ! ጮህኩ መሰለኝ፣ ሁሉም ሳቁብኝ።

ወደ ሥራ ስሄድ ጽጌ አልተነሳችም። ማታ ስመጣም እዚያው ናት፣ ክንዷን ማንሳት አቅቷታል። ሳህኑ ግማሽ አልሞላም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ጠዋት እሷ በእግሯ ወደ ማኅበሩ፣ እኔ ወደ ሥራዬ። አብሬሽ ልግባ ብላት ትኬትህን ቁረጥ አለችኝ።

ከኮልፌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ኮልፌ ስመላለስ በማኅበሩ ፌርማታ ባለፍን ቁጥር አንገቴን አወጣለሁ። የለችም። አንድ ሰው መልስ ሳልሰጠው ወረደ፣ ሌላው ሁለት ትኬት ቆረጥህልኝ ብሎ ተቆጣ። ልቤ እዚያ አልነበረም።

ከሰዓት ገደማ አየኋት። ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍናለች። በኋላ በር ከሰዉ ጋር እየተገፋች ገባች። ፊቷን አነበብሁ፣ ምንም አይልም፤ የጽጌ ፊት መቼ ተናግሮ ያውቃል። እኔ ወንበሬ ላይ ታስሬአለሁ፣ ከኋላዋ ሰልፉ ይገፋል። ሳንቲሟን ዘረጋችልኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ቁረጥልኝ መጀመሪያ።»

ቆረጥሁላት። ቸኩዬ ትኬቱን መሐል ለመሐል ገነጠልሁት።

«ሰኞ ግቢ አሉኝ» አለች።

ከኋላ ያለው ሰው እለፊ እንጂ ይላል። አላለፈችም፣ ከጎኔ ቆመች፣ እየተገፋችም ነገረችኝ። ሳህኑ ለምን ጎደለ ብለዋታል፤ መብራት ሄዶብኝ ነው ብላለች። አንደኛው ትንሽ ቧጨራ የቀረበትን ጠጠር አንስቶ ይኼንስ ምን ነካው ሲላት፣ ዕቃዬን በደንብ ሳላይ የጫንሁት እኔ ነኝ ብላለች። ከዚያ ብዙ ድንጋይ ቢሰጥሽ እንዴት ትሠሪዋለሽ ሲሏት የበሩን ጀርባ እቅድ እንዳለ ነገረቻቸው፤ የትኛው በበርሜል፣ የትኛው በወባ፣ በየመሐሉ ምን እንደሚታይ። ወባ የሚለውን ስም ከየት አመጣሽው ብለው ስቀውባታል። ሰብሳቢያቸው ሴት ናት፣ አንዱን የሚያበራ ጠጠር ይዛ አልመለሰችላትም፣ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ።

ለሦስት ወር ሙከራ ነው። ከዚያ በኋላ ያያሉ። እዚያም ዱቄት አለ፣ ግን እርጥብ ነው፣ አይበንም፤ ሐኪሙ ምን እንደሚል እንጠይቃለን።

አለቀስሁ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። አንዲት እናት ምን ሆነህ ነው ልጄ አሉኝ፤ ሚስቴ ሥራ አገኘች አልኳቸው። ጽጌ በአፍረት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትስቅ ግን ትከሻዋን አየሁት። ሰኞ የጠዋት ፈረቃ ነኝ፤ በኔ አውቶቡስ ትሄዳለች።