እማማ ረሂማ ግድግዳ ላይ ያለው መጽሔት

ውድ ደጀን፣ ዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን የጦርነት ጊዜ መጽሔት ወሎ፣ መርሳ ከተማ ላይ አገኘሁት። ከዝናብ ልጠለል በገባሁበት በእማማ ረሂማ ቤት፣ ገጽ በገጽ ተገንጥሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አንዱ ገጽ ላይ የተሰለፉ ዘማቾች አሉ።

«ወንድሜ ከእነዚህ መሐል ነው፤ በዚያው ቀረ» አሉኝ።

የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የምድጃው ጭስ ፊታቸውን አጠፋው፣ አይለይም። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም አሰላሙ ዐለይኩም እላቸዋለሁ።»

«ይሽጡልኝ» ልል የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁ። እኔ ቤት፣ እንደምታውቀው፣ ሁለት ቁም ሳጥን ሙሉ መጽሔት አለ። አንድም ገጽ አልጎደለበትም፤ ጠዋት ሰላም የምለው ሰው ግን የለበትም።

የፖስት ካርዱ መጻፊያ ቦታ ሞላ። ልጆቹን ሳምልኝ። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ስደውል ምን ሆንክ እንዳትለኝ፤ ብቻ አንሳልኝ።

ንጉሴ