ሦስት ቴአትርና አንድ ከባድ መኪና

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰህ እየዋልክ የሚይዝህ ቁርጥማት ተወህ ወይስ እንደ ልማድህ “ደህና ነኝ” ብለህ ነው የምታልፈው? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ሰው ትወርዳለች? እትዬስ፣ ልጆቹስ? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልል፤ ለናፍቆታችሁ ግን ሐኪምም መድኃኒት አያውቅለትም። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ስልክ ላይ ማመስገን ስጀምር “በይ በይ፣ ደንበኛ መጣ” ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆቴሉ ልብስ እጥበት ስወጣ ሁልጊዜ በበሩ የማልፈው ቴአትር ቤት አዳዲስ ተዋንያን እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጉርድ ፎቶና የሥራ ልምድ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ ይላል። ፎቶውን ተነሳሁ። አብራኝ የምትኖረው ነርስ አይታው ቪዛ የተከለከለች ትመስያለሽ አለችኝ እንጂ እሱስ ቀላል ነበር። ገጹ ግን ፈተና ሆነብኝ። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ቁመቴን ጻፍኩና አለቀ። የቀረው ወረቀት ባዶውን አፍጦ ያየኛል።

ከመንገዱ ማዶ ማመልከቻና ሲቪ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው አለ። ምን እንደሠራሁ ጠየቀኝ፤ ምንም አልኩት። “እንግዲያው ሦስት ቴአትር እንጨምርልሽ፤ ማን ይጠይቅሻል?” አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ አልኩ። የቴአትሮቹን ስም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። በሁለቱ ራሴን መሪ ተዋናይት አደረግሁ፤ በሦስተኛው ይሉኝታ ያዘኝና ጎረቤት ሆንኩ። ሰውዬው የእኔን የጻፈው ከእኔ በፊት የመጣ የአንድ ሾፌር ሲቪ ላይ እየቀያየረ ኖሯል፤ “ልዩ ችሎታ” የሚለውን ሳይነካው ተወው። እኔም ሦስቱን ቴአትር ከማድነቅ ብዛት እስከ ታች አላነበብኩትም።

ገጹን ይዤ ቴአትር ቤቱ ሄድኩ። የቴአትሩ አዘጋጅ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያስቀምጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡና “ሦስት ቴአትር ሠርተሻል፤ ከባድ መኪናም ከነተሳቢው ትነጃለሽ። የትኛው ነው የሚቀልሽ?” አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሁለቱም ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ሰለቸኝና “የሚቀለኝ ልብስ ማጠብ ነው፤ ሌላው ውሸት ነው” አልኳቸው። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ፣ እውነቱን ጽፈሽ ነይ፣ ሁለት መስመር ከሆነም ይሁን አሉኝ።

እዚያ ወንበር ላይ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ። ያኔ ሱቅህ ውስጥ ደንበኛ ተለክቶ ሲወጣ ሜትሩን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ “እስቲ እሱን ሁኚልኝ” ትለኝ ነበር። ሜትሩ ያልነገረህን እኔ ላይ ታያለህ፤ የጡረተኛው ወታደር ደረት ሲቆም ምን ያህል እንደሚነፋ፣ የመምህሩ ግራ ትከሻ ደብተር በመሸከም ብዛት ምን ያህል እንደወረደ። አንድ ቀን ሰው ላስቅ ብዬ መምህሩን ስሆን ትከሻዬን እስከ ወገቤ አወረድኩት። መቀስህን አስቀመጥክና “አትቀልጂበት፣ ለኪው። አንቺ ሁለት ጣት ስታጋንኚ የሰውዬው ኮት ሁለት ጣት ይበላሻል” አልከኝ። ሁለት ቀን አኩርፌህ ነበር፤ ታስታውሳለህ?

እናም ጻፍኩ፦ “ስድስት ዓመት በልብስ ስፌት ቤት ደንበኞችን እየሆንኩ ቆሜአለሁ።” አዘጋጇ አነበቡና አሳዪኝ አሉ። ወታደሩን ሆንኩላቸው። መምህሩን ሆንኩላቸው። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ራሳቸውን እሳቸውን ሆንኩ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ እንዳየኋቸው፣ ምንም ሳላጋንን። አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ወንድሜ ነው አልኳቸው። የት ቴአትር ቤት እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ ልብስ ሰፊ ነው አልኩ። ከጻፍኳት መስመር ሥር በራሳቸው እጅ “ሥልጠና፦ ታላቅ ወንድሟ፣ ልብስ ሰፊ” ብለው ጻፉ።

ያን ሳይ እንባዬ መጣ። አባታችን ካረፈ በኋላ ትምህርትህን ትተህ እዚያ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጥከው ለእኛ ብለህ ነው። ስለ ጫማዬና ስለ ደብተሬ አመስግኜህ አውቃለሁ። ይኼኛውን ግን እንደሰጠኸኝም አላውቅም ነበር። አመሰግንሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የአንዲት አዋላጅ ሴት ሚና ሰጥተውኛል፤ መድረክ ላይ ሦስት ጊዜ ትወጣለች፣ በሁለቱ ትናገራለች። ነገር ግን የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ሲመጣ የቴአትር ቤቱ ደንብ አስተማሪውን በስልክ መጠየቅ ነው፤ ውል የሚያስፈርሙኝ ከዚያ በኋላ ነው። የሱቅህን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ። በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት ይደውሉልሃል። እኔ ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ። ሰው የሰፋኸውን ኮት ሲያደንቅ “ጨርቁ ጥሩ ስለሆነ ነው” የምትል ሰው ነህ። የዚያን ቀን ብቻ፣ እባክህ፣ ትሕትናህን መስቀያው ላይ ስቀላትና “አዎ፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ” በል። ውሸት እንዳይመስልህ፤ የውሸቱን ድርሻ እኔ ጨርሼዋለሁ። “እኔ ምን አውቄ፣ ሱሪ ነው የምሰፋው” ካልክ ግን አዋላጇም እኔም ወደ እጥበት ቤት እንመለሳለን።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። እትዬን ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ድንቡሼንና ያንን ለፍላፊ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ለፍላፊው አሁንም እኔን እየሆነ ያስቃችሁ እንደሆነ ጻፍልኝ። ለመምህሩ ሰላምታዬ ይድረስ። ለጡረተኛው ወታደርም እንዲሁ፤ ደረቱ ቴአትር ቤት እንደገባ ግን አትንገረው፣ የባሰ ይነፋዋል።

ታናሽ እህትህ፣ አሁን ደግሞ በወረቀትም ተማሪህ

ከሆቴሉ እጥበት ቤት ጀርባ ካለችው ክፍላችን፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን።