«በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን» የተባለለት ትዳሬ

ይድረስ ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን አራተኛ ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ያለ ሰው የሚዘፍነው ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጣቢያው ባለቤቶቹን ምን ያህል ቶሎ እንደሚጨርስ ስለማውቅ ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። እኔ ጀርባዬን ከሚያመኝ በስተቀር ደህና ነኝ። የሕመሙን መነሻ ከዚህ በታች በዝርዝር የማቀርብ ሲሆን፣ ጥፋቱ የጣቢያዎ በመሆኑ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

እኔ ከጣቢያዎ ፊት ለፊት ሶፋ የምሠራ ሰው ነኝ። የፊተኛው ክፍል የእኔ መሥሪያ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቴ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች፤ ሬዲዮው በሁለታችን መካከል መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሙያውን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ ሶፋ ሠሪ ጨርቅ ሲወጥር ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ነክሶ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። በዚህ የተነሳ ሚስቴ ስታናግረኝ የምመልሰው «እምም» ብዬ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔ ብረት ነው። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጣቢያውን የመሠረቱት ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ በእሳቸው ዘመን «እትዬ መላ» የምንላቸው ሴት በስልክ እየተጠየቁ ባልና ሚስት ይዳኙ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ድምፅዋን አጎርንና ደወለችና «ባሌ ካገባኝ ጀምሮ ያናገረኝ ቢደመር አንድ የስልክ ካርድ አይጨርስም። ለሬዲዮው ይስቃል፣ ለሬዲዮው ይቆጣል፣ ለእኔ እምም ይለኛል» አለች። እኔም በሰውየው አዝኜ ሚስማሮቼን ከአፌ አወጣሁና «ወይ የሰው ጉድ!» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ወዲያው ከሬዲዮው ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። እኔ ስመታ ይመታል፤ እኔ ሳቆም ያቆማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የእኔ ጆሮ ግን ገበናዬን ከነመዶሻዬ በቀጥታ ሥርጭት አደመጠ።

ሚስቴ ስለ ሚስማሮቹ ሳትደብቅ ማስረዳቷን እዚህ ላይ መመስከር አለብኝ። እትዬ መላ ግን «እሁድስ ሚስማር ይጎርሳል?» ብለው ጠየቁ፤ ሠፈሩ ያን ዕለት የጀመረውን ሳቅ እስካሁን አልጨረሰም። ከዚያም «ልጄ፣ ነገሩ ማሰብ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንመለስበታለን። ውሳኔዬን እስክነግርሽ እንዳትሄጂ፤ እንዳትታረቂም» አሏት። ሳምንቱ ሳይሞላ መምህሩ ጣቢያውን ሸጡት።

ሚስቴ የተባለችውን የምታከብር ሴት ናት። አልሄደችም፤ አልታረቀችም። ሻንጣዋን ግማሽ ድረስ ሞልታ በሩ ጀርባ አቆመችው፤ እኔን ወደ ሶፋ አዘዋወረችኝ። «ከአልጋ አይለይም» እያልኩ በምሸጠው ሶፋ ላይ ማደር ከጀመርኩ ወዲህ ደንበኞቼ ለዓመታት ሲያሰሙት የነበረውን ቅሬታ በአጥንቴ ተረድቼዋለሁ። ስለዚህ ነፃ ትምህርት ጣቢያዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ጣቢያውን የገዙት ሰው የቀለም ፋብሪካ ነበራቸው። ዜናው ስለ ቀለም፣ የአየር ትንበያው ለመቀባት ስለሚመች ቀን፣ የልጆች ፕሮግራሙም እንዲሁ ስለ ቀለም ሆነ። ሚስቴ ውሳኔዋን ለመጠየቅ ደውላ «ያረጀ ነገር ነበረኝ፤ ምን ላድርገው?» ብላ ብትጀምር፣ ጋዜጠኛው ሳያስጨርሳት «እህቴ፣ ባረጀ ነገር ላይ ዝም ብሎ መቀባት ድካም ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ይፋቅ» አላት። ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየች። ቤት ውስጥ የነበረውን ብርጭቆ ወረቀት ሁሉ የደበቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሦስተኛ፤ ከድጡ ወደ ማጡ እንዲሉ፣ ጣቢያው በእኩል ሰዓት በሚጮሁ ሦስት የስፖርት ተንታኞች እጅ ወደቀ። እነዚህ ወጣቶች ስለ አንድ ግብ እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሚስቴ «ብዙ ዓመት አብሮኝ የቆየ፣ ነገር ግን ከእኔ ጋር የማይግባባ አለ» ስትላቸው ግን አንደኛው «ኳስ የማያቀብል ተጫዋች ምን ያደርጋል? ይሸጥ!» አለ፤ ሁለተኛው «በዚህ ዕድሜው ማን ይገዛዋል?» አለ፤ ሦስተኛው «በነፃ ይለቀቅ» ሲል ሁሉም ተስማሙ። ጎረቤቴ መካኒኩ ከዚያ ወዲህ ስሜን ትቶ «ነፃ ዝውውር» እያለ ይጠራኛል።

አራተኛውና ዋናው አቤቱታዬ እርስዎን ይመለከታል። ጣቢያውን እንደገዙ ሰዎቹን በሙሉ አሰናብተው «ያለ ወሬ፣ ቀኑን ሙሉ» የሚል መፈክር በሕንፃው ላይ ሰቅለዋል። ይህ ጠባይ እኔን ለፍቺ ሲያደርሰኝ እርስዎን ግን ባለራዕይ አሰኝቶዎታልና እንኳን ደስ አለዎት። ሚስቴ ስትደውል የሚያነሳው መሣሪያ «ማስታወቂያ ለማስነገር አንድን ይጫኑ» ይላል፤ ሁለት የሚባል ነገር የለውም። የእትዬ መላን አድራሻ ለመጠየቅ ራሴ መጥቼ እንግዳ መቀበያዎ ውስጥ፣ ያውም በገዛ እጄ በሠራሁት ሶፋ ላይ እየጎረበጠኝ ብጠብቅ፣ ጸሐፊዎ «እሳቸው ከአሮጌው ዕቃ ጋር ወጥተዋል» ስትል በጨዋ ደንብ ሸኘችኝ። ሰው እንደ ወንበር መቆጠሩ ወንበር ለሚሠራ ሰው እንኳ ይከብዳል።

ክቡር ሆይ፣ መቀለዴን ልተወውና ፈርቻለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ባቋረጠ ቁጥር ሻንጣዋን ያነሳች ይመስለኝና አውራ ጣቴን እመታለሁ። ክር በጥርሷ በጥሳ «እሰይ» የምትለውን ከኮምፒውተርዎ ዘፈን ሁሉ አስበልጣለሁ። ምንም ጨርቅ ለማይስማማው ደንበኛ ሁሉ እሷ እንዴት ሳቅ ብላ እንደምትመልስለት እያየሁ፣ ይህች ሴት ከእኔ ጋር ምን ትሠራለች ብዬ አስቤ አውቃለሁ። እወዳታለሁ። ይህን ያወቅሁት ሶፋው ላይ አይደለም፤ ድሮም አውቀው ነበር። ስለዚህ እትዬ መላን ካሉበት አስፈልገው፣ በሁለት ዘፈን መካከል ለአንድ አፍታ አስገብተው፣ ቢፈረድብኝም ቢፈረድልኝም ውሳኔውን እንዲያሰሙልኝ እጠይቃለሁ።

ጣቢያዎን በመግዛትዎ ስለዋሉልን ውለታ ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ለኮምፒውተርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም አንድ የሚያናግርዎ ሰው እመኛለሁ።

የጣቢያዎ የአራት ዘመን አድማጭ፣
የእንግዳ መቀበያዎ ሶፋ ሠሪ፣
ጉዳዩ በቀጠሮ ያለ ባል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትቼ ፖስታ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ሚስቴ ቆማ እያነበበችው አገኘኋት። ጨርሳ ቀና አለችና «ይኼ ሁሉ ወሬ ነበረህ? ታዲያ ለማታውቀው ሰው ከምትጽፍ ለእኔ አትነግረኝም?» አለችኝ። አፌ ውስጥ ሚስማር ስላልነበረ ማምለጫ አጣሁ፤ ተቀምጬ ነገርኳት። እሷም ነገረችኝ፤ አንዳንዱ ከሬዲዮው የባሰ ነበር። ደብዳቤውን ልቅደደው ስላት «የእኔን ሠፈሩ ሰምቶታል፤ ያንተንም ይስማው» ብላ በራችን ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። ስለሆነም እትዬ መላን በመፈለግ አይድከሙ። ወሬያችንን ስለረበሸን ሬዲዮውን አጥፍተነዋልና፣ ጣቢያውን ለአምስተኛው ባለቤት ሲሸጡ ከአድማጮችዎ ቁጥር ላይ ሁለት ይቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ሰው ካለ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።