መሣሪያ በግልጽ ይያዝ፣ መጀመሪያ ግን ብርድ ልብሱ ይፈታ

ለተከበራችሁ ሕግ አውጪዎቻችን፤
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በዚህ በጋምቤላ ሙቀት የአዳራሻችሁ ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ፣ መብራት ሳይጠፋባችሁ፣ ወባም ደጃችሁን ሳይረግጥ፣ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም አጃቢዎቻችሁም በፍጹም ጤንነት እንድትሰነብቱ እመኛለሁ። እኔ አባንግ ኦቹዶ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ የአማርኛ መምህርት፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ነኝ።

ጊዜያችሁ ውድ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዜጎች የጦር መሣሪያቸውን ሳይደብቁ፣ በትከሻቸው አንግተው በአደባባይ እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ እንደቀረበላችሁ፣ ከመካከላችሁም አንዳንዶቻችሁ እጅ ለማውጣት እያመነታችሁ መሆኑን ሰምቻለሁ። እባካችሁ አታመንቱ። ረቂቁን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ወደዚህ አቋም ያመጣኝም የጸጥታ ጥናት ሳይሆን አንድ ኪቦርድ ስለሆነ፣ ታሪኩን በትሕትና እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

ፑዎክ ቢቾክ በመዘምራን ቡድናችን ኪቦርድ የሚመታ፣ በሥራ ቀን ጀነሬተርና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነው። እሱ ኑዌር ነው፣ እኔ አኙዋክ ነኝ። «አንቺን ምን አገባሽ?» ያሉኝ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ስላሉ መልሴን እዚሁ ላስቀምጥላቸው፤ እኔ መዝሙር ስጀምር ስኬሉን፣ የምነሣበትን ድምፅ፣ የሚሰጠኝ እሱ ነው። አማርኛ የተማረው ከእኛው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደግሞ «መሣሪያ» ማለት ኪቦርድ ነው፣ ጊታር ነው፣ ድራም ነው። «ዛሬ መሣሪያ ላይ ማን አለ?» ይባላል፤ «መሣሪያው ድምፁ በዛ፣ ቀንሱት» ይባላል፤ ይህ ሲባል ደንግጦ ከወንበር ሥር የገባ ምእመን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ባለፈው ወር ፑዎክ በኩሌ የስደተኞች ካምፕ በተደረገ መንፈሳዊ ኮንፈረንስ ሊያገለግል ሄደ። እህቱ ኛዱዋል ከደቡብ ሱዳን ከመጣች ወዲህ የምትኖረው እዚያ ነው። ሲመለስ ዝናብ እያስፈራራ ስለነበረና የኪቦርዱ ቦርሳ ዚፕ ከተበላሸ ስለቆየ፣ እህቱ ኪቦርዱን በብርድ ልብሷ ጠቅልላ በገመድ አስራ ሰጠችው። ስሙን በማልጠራው ኬላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ለፍተሻ ወረደ። ከፑዎክ ፊት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ክላሽ አንግተዋል፣ አንደኛው ዝናር ታጥቋል። ጠባቂው ሰላም ብሏቸው፣ የኬላውን ገመድ ዝቅ አድርጎላቸው አለፉ። ቀጥሎ ፑዎክን «ይሄ ምንድነው?» አለው። ፑዎክም ፈገግ ብሎ፣ በሚያውቃት አማርኛ፣ «መሣሪያ ነው፣ የቸርች» አለው። «የቸርች» የምትለዋ ቃል ከጥይቱ ቀድማ አልደረሰችም። ጥይቱ ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት ሰባብሮታል።

ከዚህ በመነሣት ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ። ለኬላው ጥበቃ ንቃት ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስ። የረቂቁ ደጋፊዎች «በግልጽ የተያዘ መሣሪያ ማንንም አያስደነግጥም» ስትሉ የሳቁባችሁ ሰዎች ነበሩ። ይኸው ተረጋገጠላችሁ፤ ሦስት ክላሽ ማንንም አላስደነገጠም፣ ያስደነገጠው ብርድ ልብስ ነው። ስለዚህ ሕጉ አዲስ ነገር ያመጣል ብላችሁ አትስጉ። በገበያውም፣ በሠርጉም፣ በለቅሶውም፣ በቢራ ቤቱ በር ላይም ሰዉ አንግቶ ሲሄድ እያየን ነው የምንኖረው፤ እናንተ የምትጨምሩልን ማኅተሙን ብቻ ነው።

፪ኛ። የፑዎክን ቃል የተቀበለውን መርማሪም ሳላመሰግን አላልፍም። ፑዎክ ከቀዶ ሕክምና በወጣ ማግስት፣ አንድ እጁ ከአልጋው ጋር በካቴና ታስሮ ቃሉን ሲሰጥ ባለቤቱ ኛኩዎል አጠገቡ ቆማ ነበርና የሰማችውን ነግራኛለች። መሣሪያው የማን ነው ሲባል የቤተ ክርስቲያን ነው አለ። መቼ ጀመርክ ሲባል ከልጅነቴ አለ። ማን አሠለጠነህ ሲባል ፓስተር አለ። በመሣሪያው በሰው ላይ ያደረስከው ነገር አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መዋሸት የማያውቅ ሰው ነውና፣ እሱ ሲመታ ብዙ ሰው እንደሚያለቅስ፣ አንዳንዱም መሬት ላይ እንደሚወድቅ በትሕትና አስረዳ። ስንት ሰው ወደቀ ቢባል፣ እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው አለ። ኛኩዎል «ኪቦርድ ነው! ኪቦርድ!» ብላ ብትጮኽ፣ ምስክር በተራዋ ትጠየቃለች ተብላ ከክፍሉ እንድትወጣ ተደረገች። መርማሪው አንዲት ቃል ሳያስቀር ጽፎ አስፈረመውና ተጠርጣሪው የእምነት ቃሉን ሰጥቷል ተባለ። በዚህ እንኳ አልተሳሳቱም፤ ቃሉ በእርግጥ የእምነት ነበር።

፫ኛ። ለንብረታችን ስለተደረገው ጥበቃ ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ ታመሰግናለች። ኪቦርዱ እስከ ዛሬ በጣቢያው የኤግዚቢት ክፍል ከነብርድ ልብሱ፣ ከነገመዱ ተቀምጧል። ፓስተራችን ሄደው ኪቦርድ መሆኑን ተናገሩ፤ እኔም ሄጄ ተናገርኩ። የጣቢያው ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፣ ወንበር ሰጥተውናል። «ምንነቱ ያልተለየ መሣሪያ» ተብሎ የተያዘ ኤግዚቢት የሚፈታው የጦር መሣሪያ ባለሙያ ባለበት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ገመዱን የነካ ማስረጃ በማጥፋት እንደሚጠየቅ አስረዱን። ባለሙያው የት ናቸው ብንል፣ ሕጋችሁ ሲጸድቅ ማን ምን እንደሚያነግት አስቀድመው ለመመዝገብ ወደ ጎግ ወረዳ ሄደዋል ተባልን። መቼ እንደሚመለሱ የሚወስነው የመሣሪያው ብዛት ነው። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ በተከፈተው በር በኩል በጣቴ ጠቆምኩ፤ ብርድ ልብሱ ጫፉ ጋ ላላ ብሎ ነጭና ጥቁሩ ቁልፍ ወጥቶ ይታያል። አንድ ወጣት ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ቲቸር፣ እኔ እንዳይ አልተፈቀደልኝም» አለኝ። የክፋት ሰው አይመስልም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው።

፬ኛ። የመጨረሻው ምስጋናዬ ለአሠራሩ ነው። ቁስሉ መጥፎ ጠረን ስላመጣ ዶክተሩ ወደ ጅማ ሪፈር ጽፈውለታል። እስረኛ ግን ከከተማ የሚወጣው በአጃቢ ነው፤ አጃቢ የሚመደበው ክሱ ሲታወቅ ነው፤ ክሱ የሚታወቀው መሣሪያው ሲለይ ነው፤ መሣሪያው የሚለየው ብርድ ልብሱ ሲፈታ ነው። ብርድ ልብሱን ያሰረችው እህቱ ናት፣ ቋጠሮው በአንድ እጅ የሚፈታ ነው። የፑዎክ እግር ያለው እዚያ ቋጠሮ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ተናድጃለሁ። ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ መጀመሪያ ያለኝ «እሁድ መሣሪያ ላይ ማን አለ?» ነው። ዘብ የቆመው ፖሊስ ዞር ብሎ አየን። ጊታር መቺያችን ኳች ሊተካው እንደሆነ ስነግረው፣ «ኳች ከፍ አድርጎ ነው የሚጀምረው፤ አንቺ ጉሮሮሽ ያልቃል፣ ዝቅ አድርግ በይው» አለኝ። ስለ እግሩ አንድም ቃል አላነሣም፤ ክፍሉ ግን ስለ እግሩ ይናገር ነበር፣ አፍንጫዬን መያዝ ነውር ስለሆነብኝ በአፌ ተነፈስኩ። ከዚያ ወጥቼ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። ሕጉ እንዲጸድቅ እየለመንኩ አንዳንድ ማሻሻያ ብጠቁም እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ። በግልጽ መያዝ ለክላሽ ብቻ የተሰጠ መብት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ለሁሉም ዕቃ ይድረስ። ዓሣ ነጋዴው ዓሣውን ከማዳበሪያ ከረጢት አውጥቶ በጅራቱ አንጠልጥሎ ይለፍ። እናቶች ልጆቻቸውን ማዘል ትተው ከፍ አድርገው እያሳዩ ኬላ ይሻገሩ፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የታዘለ ሕፃንም ጥቅል ነውና። የእናንተም መኪና ጥቁር መስታወት ዝቅ ይበልልን፣ ማን እንደተቀመጠ እንይ፣ እኛም እንዳንደነግጥ።

«መሣሪያ» የሚለውን ቃልም ለጠመንጃ ብቻ እንድታስከብሩልን እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። በዚህ ሳምንት ተማሪዎቼን «የጽሕፈት መሣሪያችሁን አውጡ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ የክፍሉ ግማሽ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ ነው። አንዱ ነገ መንገድ ላይ ቦርሳህ ውስጥ ምን አለ ቢባል፣ ከእኔ የተማራትን ቃል ጥርት አድርጎ እንዳይመልስ ፈርቻለሁ። «እስክሪብቶ» በሉ እላቸዋለሁ፤ ይህም ቃል አንድ ቀን ሌላ ትርጉም እስኪበጅለት ድረስ።

ለዚህ ሁሉ ድጋፌ ከእናንተ የምጠይቀው ውለታ ትንሽ ነው። ከመካከላችሁ አንዳችሁ፣ ከምሳ በኋላ በሚመቻችሁ ሰዓት፣ በጣቢያው በኩል እለፉና ያ ብርድ ልብስ እንዲፈታ አንድ ቃል ተናገሩ። እናንተ ማየት የተፈቀደላችሁ ሰዎች ናችሁ። ፑዎክ ጅማ ይድረስ፣ እግሩ ይትረፍ፤ ኪቦርዱን ሕጉ እስኪጸድቅ አቆዩት።

የከበረ ድምፃችሁን በተስፋ የምትጠባበቅ፣ በየትኛውም ትከሻዋ ምንም ያላነገተች፣ ይህን ደብዳቤ እንኳ ጥቅል እንዳይመስል በፖስታ ሳታሽግ በግልጽ ይዛ የምትመጣ፣ ምንጊዜም አክባሪያችሁ፤

አባንግ ኦቹዶ
ጋምቤላ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ላደርስ ስነሣ፣ የአጃቢው ጉዳይ ከእንግዲህ እንዳያስጨንቃችሁ የሚያደርግ ወሬ መጣ። ፑዎክ ጅማ መሄድ አላስፈለገውም፤ ሕይወቱን ለማትረፍ ዶክተሩ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እዚሁ ቆረጡት። የተቆረጠውን ቤተሰብ ወስዶ እንዲቀብረው ስለተሰጠ፣ ኛኩዎል በአንሶላ ጠቅልላ ታቅፋ ስትወጣ፣ በሩ ላይ ክላሹን ያነገተው ጠባቂ አስቁሞ ምን እንደያዘች ጠየቃት። በቃል አልመለሰችለትም፤ አንሶላውን ገልጣ አሳየችው። አሳለፋት። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤቷ ድረስ አልሸፈነችውም።